ገጭቶ የሮጠ ሰካራም ለምን ይቀልለታል?

ጠጥቶ ያሽከረከረ ሰው እግረኛ ሲገድል የመንደሩ ፍርድ ያው ነው፤ «ነፍሰ ገዳይ ነው፣ ዕድሜ ልክም ያንሰዋል»። ለቅሶ ቤት የተቀመጠ ሰው እንዲህ ቢል አይፈረድበትም። ሕጉ ግን ድርጊቱን በቸልተኝነት ስለሚመድበው ብዙዎች «ሕጋችን ለሰካራም ያደላል» ሲሉ እሰማለሁ። ይህ ግማሽ እውነት ነው። ሕጋችን የሚያደላው ለሮጠው ሰካራም ነው። ለቆመው አይራራም።

በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 543 በቸልተኝነት ሰው መግደልን በሦስት ደረጃ ከፍሎ ያየዋል። ተራው ቸልተኝነት ከ6 ወር እስከ 3 ዓመት በሚደርስ ቀላል እስራት ወይም በመቀጮ ያስቀጣል። አጥፊው እንደ ሐኪም ወይም እንደ ሹፌር የሰው ሕይወት የመጠበቅ ግዴታ ያለበት ከሆነ እስራቱ ከ1 እስከ 5 ዓመት ይሆንና መቀጮ ይታከልበታል። ሁለትና ከዚያ በላይ ሰው ሲሞት፣ አጥፊው ግልጽ ደንብ እያወቀ ሲጥስ፣ ወይም በመጠጥና በመሳሰለው ራሱን መቆጣጠር ከማይችልበት ደረጃ ላይ ሲያደርስ ግን ቅጣቱ ከ5 እስከ 15 ዓመት ጽኑ እስራት ነው። ከባዱን ግድያ ትተን፣ ሆን ብሎ ለገደለ ሰው አንቀጽ 540 የሚያስቀምጠው ከ5 እስከ 20 ዓመት ነው። የሁለቱ መነሻ አንድ ነው፤ ጣሪያቸውም የሚራራቀው በአምስት ዓመት ብቻ። ሕግ አውጪው ሰካራሙን ሹፌር ቢላዋ ከመዘዘው ሰው ብዙም አላራቀውም።

እንግዲህ «ይጨመርበት» ከማለት በፊት ያለው ቅጣት በማን ላይ እንደሚያርፍ ማየት ይሻላል። አንድ ሰው ሌሊት ከጭፈራ ቤት ወጥቶ ዜብራ ላይ ሰው ገጨ እንበል። ቢቆም፣ የወደቀውን አንሥቶ ሐኪም ቤት ቢያደርስ፣ ፖሊስ ቢጠብቅ፣ ትንፋሹ እጅ ከፍንጅ ያስይዘዋል፤ ከአምስት ዓመት ይጀመርለታል። ቢሮጥስ? አልኮል ከደም ውስጥ በየሰዓቱ እየቀነሰ ይሄዳል። ቤቱ ገብቶ ተኝቶ በማግሥቱ ከሰዓት በኋላ ከጠበቃው ጋር እጁን ሲሰጥ መሣሪያው የሚያገኝበት ነገር የለም። «ሕዝቡ እንዳይደበድበኝ ፈርቼ ነው» ይላል። ይህም ውሃ የማያነሳ ክርክር ነው ብሎ ማለፍ አይቻልም፤ አደጋ በደረሰበት ቦታ ሹፌር ሲደበደብ ያላየ አዲስ አበቤ ጥቂት ነው። ዐቃቤ ሕጉ ስካሩን በሰው ምስክር አስረዳለሁ ካለ ደግሞ ደንበኛውን አሳልፎ የሚሰጥ አስተናጋጅ መፈለግ አለበት። በርግጥ ተከሳሹን «ደንብ እያወቀ ጥሷል» በሚለው በኩል እዚያው ከባዱ ደረጃ ላይ ማቆየት ይቻል ይሆናል። እያወቀ መጣሱን ማስረዳት ግን ትንፋሽ እንደመለካት ቀላል አይደለም። ያ ካልተሳካ ክሱ ወደ ሁለተኛው ደረጃ ይወርዳል። የጎዱትን ሰው ጥሎ መሄድ በአንቀጽ 575 ራሱን የቻለ ወንጀል ቢሆንም የሚያስከትለው ቀላል እስራት ነው። ሒሳቡን የሠራ ሰው ይሮጣል፤ የወደቀው እግረኛም በቶሎ ቢታከም ሊተርፍ ይችል የነበረ ሊሆን ይችላል።

ጃፓኖች በዚህ መንገድ ቀድመውን አልፈዋል። እ.ኤ.አ. በ1999 በቶሜይ የፍጥነት መንገድ ላይ ጠጥቶ የሚነዳ የጭነት መኪና ሹፌር አንድ የቤት መኪና ከኋላ ገጭቶ ሁለት ሕፃናት እኅትማማቾች ተቃጥለው ሞቱ። የተፈረደበት 4 ዓመት ነበር፤ የሕጉ ጣሪያ ራሱ ያኔ ከ5 አያልፍም። ወላጆቹ ከሌሎች ሐዘንተኞች ጋር ፊርማ አሰባሰቡ፤ በ2001 እስከ 15 ዓመት የሚያስቀጣ አዲስ ወንጀል ተደነገገ፤ በኋላም ወደ 20 ከፍ አለ። በ2006 ግን ፉኩኦካ ላይ አንድ የከተማው አስተዳደር ሠራተኛ ጠጥቶ እየነዳ የገጨው መኪና ከድልድይ ወደ ባሕር ወድቆ ሦስት ልጆች ሞቱ። ሰውየው ከቦታው ሸሸ፤ ወዳጁ ያመጣለትን ውሃም ስካሩን ለመሸፈን በብዛት ጠጣ። የመጀመሪያው ፍርድ ቤት «ከግጭቱ በፊት በጠባብ መንገድ ላይ ምንም ሳይነካ ነድቷል፤ መንዳት እስኪያቅተው አልሰከረም» ብሎ 7 ዓመት ከመንፈቅ ፈረደበት። ይግባኙ 20 ዓመት አደረገው፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም በ2011 አጸናው። ሕግ አውጪዎቹ የገባቸው ነገር ቅጣት በከበደ ቁጥር መሸሽ እንደሚያዋጣ ነው። ስለዚህ በ2013 ባወጡት ሕግ ሰው ገጭቶ ስካሩ እንዳይታወቅ የሸሸን ወይም ተጨማሪ የጠጣን ሰው በዚሁ ድርጊቱ ብቻ እስከ 12 ዓመት የሚያስቀጣ አንቀጽ አስገቡ።

እኛ ዘንድ ሌላም ጣጣ አለ፤ ገንዘብ። አንቀጽ 82 ጸጸትንና የደረሰውን ጉዳት መካስን በቅጣት ማቅለያነት ይቆጥራል። ሐሳቡ ደግ ነው፤ ሽማግሌ ልኮ የታረቀ ሰው ፍርድ ቤት ሲቀርብ ሌላ ሰው መስሎ መታየቱም ያለ ነገር ነው። ነገር ግን የራሱን መኪና የሚነዳ ባለሀብትና በቀን ሒሳብ የሰው ሚኒባስ የሚነዳ ወጣት እኩል አይካሱም፤ የሁለቱ ጸጸት እኩል ቢሆን እንኳ። የሟች ሚስት ለምን ታረቀች ማለት ደግሞ ነውር ነው። በ2005 ዓ.ም. የወጣው የሦስተኛ ወገን መድን አዋጅ ሲታወጅ ለአንድ ሰው ሞት ያስቀመጠው የካሳ ጣሪያ 40,000 ብር ነበር። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ደግሞ በአንቀጽ 2116 ለሕሊና ጉዳት የሚከፈለው ካሳ ከ1,000 ብር እንዳያልፍ ይከለክላል። ያኔ ሺህ ብር ሺህ ብር ነበር። ዛሬ የድንኳን ኪራይ እንኳ አይሸፍንም። ሕጉ ለሐዘኗ ሺህ ብር ያስቀመጠላት ሴት በሽማግሌ በኩል የመጣላትን ገንዘብ ብትቀበል ማን ይወቅሳታል?

የእኔ አቋም አጭር ነው። አሥራ አምስቱ ዓመት ባለበት ይቆይ። «የሮጠ ሁሉ እንደ ሰከረ ይቆጠር» የሚሉ አሉ፤ ይህ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 20 ከተቀመጠው ንጹሕ ሆኖ የመገመት መብት ጋር ይጋጫል። ሰው ገጭቶ መሸሽና የትንፋሽ ምርመራ አልሰጥም ማለት፣ ስካር ተረጋገጠም አልተረጋገጠም፣ ራሳቸውን ችለው ከአምስት ዓመት የሚጀምር ጽኑ እስራት ያስከትሉ። ያኔ የሮጠም የቆመም መነሻው እኩል ይሆናል፤ የቆመው ግን የወደቀውን ማንሣቱ ማቅለያ ሆኖ ይያዝለታል። ዱላ የፈራ ሹፌርም መውጫ ይኑረው፦ በቀጥታ ቅርብ ወዳለው ፖሊስ ጣቢያ ሄዶ ትንፋሹን ካስለካ እንደሸሸ አይቆጠርበትም። ጣቢያዎቹ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓትም ቢሆን የሚሠራ መመርመሪያና እሱን የሚያንቀሳቅስ ሰው ከሌላቸው ግን ይህን አንቀጽ ማውጣቱም ትርፉ ድካም ነው፤ በጀቱና አንቀጹ አብረው ይውጡ።