ሽጉጥ ለመታጠቅ ፈቃድ ያስፈልጋልን?

በዋሽንግተን ከተማና በአካባቢዋ ከሚኖሩት በርካታ ኢትዮጵያውያን መካከል ታክሲ በመንዳት የሚተዳደር አንድ ሰው አለ እንበል። ይህ ሰው ጧት ከቨርጂኒያ ተነሥቶ የፖቶማክን ወንዝ በድልድይ ይሻገርና ዋሽንግተን ይገባል፤ ከቀትር በኋላም ሜሪላንድ ይደርሳል። መንገዱ አጭር ነው። ነገር ግን በወገቡ ሽጉጥ ታጥቆ ቢሆን፣ በአንድ ቀን ውስጥ ሦስት ልዩ ልዩ ሕጎች ይጠብቁታል። ቨርጂኒያ ሽጉጥ ሸሽጎ የሚይዝበትን ፈቃድ ብትሰጠው እንኳ ዋሽንግተንና ሜሪላንድ ያንን ፈቃድ አይቀበሉም። ስለዚህ ከወንዙ ወዲያ ማዶ ሕግ አክባሪ የነበረው ሰው፣ ወዲህ ማዶ ሲደርስ ወንጀለኛ ሆኖ ይገኛል።

የዚህ ልዩነት ምክንያት የአገሪቱ የአስተዳደር አወቃቀር ነው። እ.ኤ.አ. በ1791 የጸደቀው የዩናይትድ ስቴትስ ሕገ መንግሥት ሁለተኛው ማሻሻያ፣ የሕዝቡ መሣሪያ የመያዝና የመታጠቅ መብት እንዳይጣስ ይደነግጋል። የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤትም እ.ኤ.አ. በ2008 ይህ መብት የእያንዳንዱ ግለሰብ መሆኑን፣ በ2022 ደግሞ ከቤት ውጭም የሚጸና መሆኑን ወስኗል። ይሁን እንጂ የመታጠቅን ዝርዝር ሕግ በአብዛኛው የሚያወጡት ግዛቶቹ ናቸው። ከ50ዎቹ ግዛቶች 29ኙ እስከ 2024 ድረስ ሽጉጥ ለመታጠቅ ፈቃድ አያስፈልግም የሚል ሕግ አውጥተዋል። ሜሪላንድ ግን አመልካቹ ፈቃድ ከማግኘቱ በፊት የ16 ሰዓት ትምህርት እንዲከታተል ታስገድዳለች።

በእኔ አስተያየት ትክክለኛው መንገድ የሜሪላንድ ዓይነቱ ነው፤ ይኸውም ታጣቂው አስቀድሞ ተምሮና ተፈትኖ ፈቃድ እንዲያወጣ ማድረግ ነው። ለዚህም ሁለት ምክንያቶች አሉኝ።

በመጀመሪያ፣ በገበያ፣ በአውቶቡስና በጎዳና ላይ የሚታጠቁት ሽጉጥ የባለቤቱ ብቻ ሳይሆን የሁሉም ጉዳይ ነው። የፈሰሰ ውሃ እንደማይታፈስ ሁሉ የተተኮሰ ጥይትም አይመለስም። ያልታሰበ መንገደኛ ቢመታ የተኳሹ ጸጸት ሟቹን አያስነሣም። መኪና ለመንዳት መማርና መፈተን ግዴታ ከሆነ፣ ሽጉጥ ታጥቆ በሕዝብ መካከል ለመዘዋወር ይኸው ግዴታ እንዴት ይበዛል?

በሁለተኛ ደረጃ፣ ተሞክሮው ይህንኑ ያመለክታል። ሚዙሪ የተባለችው ግዛት ሽጉጥ የሚገዛ ሰው አስቀድሞ ፈቃድ እንዲያወጣ ታዝ የነበረውን ሕግ እ.ኤ.አ. በ2007 ሻረች። ጉዳዩን የመረመሩ ተመራማሪዎች ከዚያ በኋላ በመሣሪያ የሚፈጸመው ግድያ እንደ ጨመረ አረጋግጠዋል። ይህ ሕግ ስለ መታጠቅ ሳይሆን ስለ መግዛት የወጣ ነበር፤ ቢሆንም ፈቃድ የወረቀት ጣጣ ብቻ አለመሆኑን ያሳያል። እ.ኤ.አ. በ2022 በዩናይትድ ስቴትስ በመሣሪያ የሞተው ሰው ከ48,000 ይበልጣል፤ ከእነዚህም ከግማሽ በላይ የሚሆኑት በገዛ እጃቸው የጠፉ ናቸው። ፈቃድ ይህን ሁሉ ያቆማል ማለት አይደለም፤ ነገር ግን ጥቂቱን ሕይወት እንኳ ቢያተርፍ የሚናቅ አይሆንም።

በአንጻሩ የሌላው ወገን ክርክር በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም። ወንጀለኛ ፈቃድ ለማውጣት አይሰለፍም፤ ፖሊስ በራቀበት ገጠር የሚኖር ሰውም ራሱን መከላከል ያስፈልገዋል ይላሉ። ከዚህም የሚከብድ ነገር ከታሪክ ይጠቅሳሉ። የእርስ በርሱ ጦርነት ባበቃበት በ1865 ሚሲሲፒ ከባርነት ነጻ የወጡት ጥቁሮች ያለ ፈቃድ መሣሪያ እንዳይዙ በሕግ ከለከለች። ፈቃዱን የሚሰጡትና የሚከለክሉት ሹማምንት ስለ ነበሩ ሕጉ ደካማውን ለጉልበተኛ አሳልፎ የሚሰጥ ሆነ። በኒው ዮርክም ቢሆን እስከ 2022 ድረስ አመልካቹ የተለየ ምክንያት እንዳለው ባለሥልጣኑን ማሳመን ነበረበት።

ይህ ወቀሳ እውነት ነው። ዳሩ ግን በደሉ የመጣው ፈቃድ በመኖሩ ሳይሆን ፈቃዱ በሹም በጎ ፈቃድ ላይ በመንጠልጠሉ ነው። ስለዚህ መድኃኒቱ ፈቃድን መሻር ሳይሆን አድልዎን መሻር ይሆናል። ዕድሜ፣ ትምህርት፣ ፈተናና ከወንጀል ነጻ መሆን በሕግ ተጽፈው ይቀመጡ፤ ክፍያው ድኃውን የማያስቀር ይሁን፤ መስፈርቱን ያሟላ ሁሉ ያለ ደጅ ጥናት ይሰጠው፤ የተከለከለውም ለፍርድ ቤት ይግባኝ ይበል። በ2022 ፍርድ ቤቱ የሻረው የኒው ዮርክን ሹም ልዩ ሥልጣን እንጂ በግልጽ መስፈርት የሚሰጠውን ፈቃድ አልነበረም።

ይህ ጉዳይ ለእኛም እንግዳ አይደለም። በብዙ የአገራችን ገጠሮች ጠመንጃ የክብር ምልክት ሆኖ ኖሯል፤ አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ደግሞ ያለ ፈቃድ መሣሪያ መያዝን ከልክሏል። በአሜሪካ መነሻው መብት ነው፤ በእኛ ዘንድ መነሻው ፈቃድ ነው። በሁለቱም አገር ግን ሊጠየቅ የሚገባው ጥያቄ አንድ ነው፦ ማን፣ በምን መስፈርት ይታጠቅ? ለዚህ ጥያቄ ግልጽና ለሁሉም እኩል የሆነ መልስ መስጠት የሚገባው ጥይቱ ከመተኮሱ በፊት ነው፤ አባቶቻችንም ሳይቃጠል በቅጠል ያሉት ለዚህ ነው።