ስለ እርድና ስለ ጉበት

እርድን፦ «ጉበት ያድናል፤ ነቀርሳ ይፈውሳል» እያሉ መሸጥ ለገበሬው ጥቅም ይመስላል፤ ነገር ግን በፍጻሜው ጉዳት ነው።

እርድ በቴፒ አካባቢ፣ ሙቀትና ዝናም በበዛበት አገር የሚበቅል ሥር ነው። ቢጫ መልኩን የሚሰጠው ንጥረ ነገር ኩርኩሚን ይባላል። ሜቶትሬክሴትን የመሰለ የነቀርሳ መድኃኒት ጉበትን ሊጎዳ ስለሚችል፣ ሊቃውንት ኩርኩሚን ጉዳቱን ያቀልል እንደ ሆነ በአይጥ ፈትነው ተስፋ አገኙ። ዳሩ ግን ኩርኩሚን በውሃ አይሟሟም፤ ቢበሉትም ወደ ደም የሚገባው እጅግ ጥቂት ነው። ስለዚህ በስብ ወይም በሌላ ነገር ሸፍነው፣ በናኖሜትር እስኪለካ ድረስ ያደቁታል። አንድ ናኖሜትር ሜትር ለቢሊዮን ቢካፈል አንዱ እጅ ነው። ይህም ሥራ ገና በምርመራ ላይ ነው እንጂ የጉበት መድኃኒት ሆኖ አልጸደቀም።

ደግሞም ወደ ደም የሚያስገባው ብልሃት ጉዳትንም ሊያስገባ ይችላል። በ2022 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በአሜሪካ የታተመ ጥናት፣ የእርድ እንክብል ውጠው ጉበታቸው የተጎዳ 10 ሰዎችን ገለጠ፤ ከእነርሱም አንዱ ሞተ። ከተመረመሩት እንክብሎች አንዳንዶቹ ኩርኩሚን በደም እንዲበዛ የቁንዶ በርበሬ ንጥር ነበረባቸው።

ስለዚህ አገረ ገዥዎችና የወረዳ ሹማምንት የእርድን ተክል ያስፋፉ፤ የእርሻ ባለቤቶችም በቅመምነቱ አጥርተው ይሽጡት። ፈውስ ነው ብሎ የሚነግደውን ግን ይከልክሉ። ዓይኑ ቢጫ የሆነ በሽተኛ ወደ ሐኪም ቤት ይላክ፤ የነቀርሳ መድኃኒት የሚወስድም ሐኪሙን ሳይጠይቅ የእርድ እንክብል አይዋጥ። በገበያ ተስፋ የዘገየ በሽተኛ ያለፈበትን ቀን የሚመልስለት የለም።