ደረጃው ላይ የሚተኛው ማን ነው?

አጎቴ ድጓ በቤተልሔም ያስመሰከሩ የኔታ ናቸው። አርብ ገበያ ውስጥ ከእሳቸው እግር ስር ተቀምጦ ፊደል ያልቆጠረ የኔ ዕድሜ ሰው የለም ብል ብዙም አላጋነንኩም። እኔንም ሀሁ ያስያዙኝ እሳቸው ናቸው። በቅርቡ ያን ሁሉ መንገድ አቆራርጠው አዲስ አበባ እኔ ቤት መጡና፣ ከጋቢያቸው ስር የታጠፈ ወረቀት አውጥተው ጠረጴዛዬ ላይ ዘረጉት።

«ልጄ፣ አንተ እንኳ ዩኒቨርሲቲ አስተምረሃል። እስቲ ይቺን ፍታልኝ።»

ዕድሜ ልካቸውን ቅኔ ሲፈቱ የኖሩ ሰው ውል ፍታልኝ ሲሉኝ መጀመሪያ ፈገግ ብዬ ነበር። ከዚያ ወረቀቱን አነበብኩት።

የቤት ሽያጭ ውል ነው። ገዢዋ የአጎቴ ልጅ ናት፤ ዐረብ አገር ሰው ቤት ተቀጥራ መሥራት ከጀመረች ዘጠኝ ዓመት ሆናት። ሻጩ አዲስ አበባ ውስጥ ፎቅ እየሠራ የሚሸጥ ድርጅት ነው። ስሙን አልጽፍም፤ የእሱ ብቻ ጠባይ ቢሆን ኖሮ ይህን ያህል ቀለም ባላባከንኩበት። ውሉ «108 ካሬ ግሮስ ኤርያ፣ ሰሚ ፊኒሽድ» ይላል። የኔታ የልጃቸው ወኪል ናቸውና ቤቱን ተረከቡ የሚል ደብዳቤ ሲደርሳቸው ሄደው አዩት። የውስጥ በር የለውም። ወለሉ እግር ይቧጥጣል። ሜትር አልያዙም ነበርና በክንዳቸው ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ለኩት፤ ቢያባዙት ቢደምሩት 108 አልመጣ አላቸው። በማግስቱ አብረን ሄደን በሜትር ስንለካው 82 ካሬ ሆነ። የሽያጭ ሠራተኛዋ ልጅ በትሕትና አስረዳችን፦ ቀሪው 26 ካሬ ደረጃው፣ ኮሪደሩ፣ ሊፍቱና የሕንፃው መግቢያ ላይ ነው፤ የናንተው ድርሻ ነው አለችን።

«እንግዲያ ደረጃው ላይ ነዋ የምንተኛው!» አሏት የኔታ።

ልጅቷ ሳቀች። እሳቸው አልሳቁም።

እኔ አርብ ገበያ ሳድግ ቤት ሲሠራ ቆሜ አይቻለሁ። ምሰሶው ይተከላል፤ ቋሚው ዙሪያውን ይቆማል፤ ማገሩ ይማገራል፤ ወራጁ ይጋደማል፤ ጭቃው ከጭድ ጋር ተቦክቶ ይመረጋል። ስሞቹን ልብ በሉልኝ። ቋሚ የሚቆም ነው፤ ወራጅ ከላይ ወደ ታች የሚወርድ ነው፤ ማገር የሚማግር ነው። ቃሉን የሰማ ሕፃን እንጨቱ የት እንዳለ፣ ምን እንደሚሠራም ያውቃል። ቤተ ክርስቲያኑም እንዲሁ ነው፦ ቅኔ ማኅሌት፣ ቅድስት፣ መቅደስ። ማን እስከ የት እንደሚገባ፣ ማን የት ላይ እንደሚቆም በስሙ ተወስኗል። የኔታ የተማሩባት የጋይንቷ ቤተልሔም ከውጭ ሲያዩዋት እንደ ሌላው የአገሩ ቤተ ክርስቲያን ክብ ናት፤ ውስጧ ግን ጥንታዊ ባለ አራት ማዕዘን የድንጋይ ሕንፃ ተሸሽጓል። በሕንፃ ውስጥ የሚሸሸግ ነገር ካለ እንዲህ ያለው ይሁን እንጂ፣ 26 ካሬ መሸሸግ ምን የሚሉት ጥበብ ነው?

አሁን «ይኼ የቋንቋ ሰውዬ የባዕድ ቃል በዛ ሊለን ነው» ያላችሁ አላችሁ። አይደለም። በመምህርነቴ ዘመን፣ እውነቱን ለመናገር፣ ተማሪ «ፌሮ» ብሎ ሲጽፍ በቀይ እስክሪብቶ አሰምርበት ነበር። ዛሬ ሳስበው ያሳፍረኛል። ፌሮ፣ አርማታ፣ ብሎኬት፣ ሶሌታ፣ ሊሾ፣ ባሬላ ሁሉም ከጣሊያን የመጡ ናቸው። ፌሮ በአገሩ ብረት ማለት ነው። ሊሾ ልሙጥ ማለት ነው። አርማታ ደግሞ «የታጠቀ» ከሚለው ቃል የመጣ ነው፤ ብረት የታጠቀ ሲሚንቶ ለማለት (እኛ ብረት የሌለውንም አርማታ እንላለን፤ ትጥቁን ፈታንለት ማለት ነው)። እነዚህን ቃላት አማርኛ ያደረጋቸው የምሁራን ጉባኤ አይደለም። ሲሚንቶ ያቦካ፣ ፌሮ ያጠፈ፣ ባሬላ የተሸከመ እጅ ነው። ሊሾ ይሁንልኝ ብትሉት ግንበኛው ያውቀዋል፤ እናንተም ሥራው ሲያልቅ በእግራችሁ ረግጣችሁ ታውቁታላችሁ። በቃሉ ተከልሎ አንዱ ሌላውን ሊያታልል አይችልም። ለዚህም ነው ከራሳችን «ቱንቢ» እና «ውሃ ልክ» ጎን ተሰልፈው በሰላም የሚኖሩት።

ግሮስ ግን ሌላ ነገር ነው። ግሮስን የሚያውቀው አንድ ወገን ብቻ ነው። ትርጉሙ ከባድ ሆኖ እንዳይመስላችሁ። ደመወዝተኛ ሁሉ ያውቀዋል፤ ጥቅል ደመወዝ አለ፣ ግብሩና ጡረታው ተነሥቶ የሚደርሰን የተጣራ ደመወዝ አለ። ውሉ ላይ «ጥቅል ስፋት 108፣ የተጣራ ስፋት 82» ብሎ መጻፍ ምን ቸገረ? ቋንቋው አልቸገረም። የቸገረው ሌላ ነው፤ «ጥቅል» ያልከው ሰው ወዲያው «የተጣራውስ?» ይልሃል። ይህ ጥያቄ እንዳይመጣ ነው ቃሉ በእንግሊዝኛ ልብሱ እንዲቀር የተደረገው። አርብ ገበያ አርብ አርብ ጤፍ የሚገዛ ገበሬ እንኳ ቁናው እስከ አፉ ይሁን ተቆልሎ ሳይጠይቅ ብሩን አይፈታም።

ፍርድ እንዳላጓድል፦ የጋራ ቦታን ማስላት በራሱ ነውር አይደለም። ደረጃና ሊፍት በነፃ አይሠራም፤ ዋጋው የሆነ ቦታ መግባት አለበት። በሌላ አገርም ያለ ነገር ነው። ሕንዶች በዚህ ክፉኛ ተማረዋል፤ የእነሱ ቤት ሻጮች «ሱፐር ቢልት አፕ» የሚባል ቃል ነበራቸው፤ ደረጃውንም መተላለፊያውንም ለገዢው ያስታቅፉት ነበር። በኋላ በ2016 እ.ኤ.አ. ባወጡት ሕግ ሻጩ «ካርፔት ኤርያ»ውን እንዲያሳውቅ አስገደዱት። ምንጣፍ የሚነጠፍበት ስፋት ማለት ነው! እንዴት ያለ ቃል ነው እባካችሁ! ምንጣፍህን የማታነጥፍበትን ቤትህ ብለው አይቆጥሩብህም።

እኛስ ቃል አጥተን ነው? የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ መሬትንና ሕንፃን «የማይንቀሳቀስ ንብረት» ብሎ ከሰየመ ስንት ዘመኑ። በ2017 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ግን በአርእስቱ ላይ «ሪል እስቴት»ንም «የማይንቀሳቀስ ንብረት»ንም ጎን ለጎን አስቀምጧቸዋል፤ እንደ ጣውንቶች። የኔታ ውል ላይ «ፎርስ ማጆር» የሚል አንቀጽ አለ፤ ያው ሕግ ግን «ከአቅም በላይ የሆነ ኃይል» ብሎ አስቀምጦልናል፤ ማንም ይረዳዋል። ኮንዶሚኒየም የምንለውንም አዋጅ ቁጥር 370/1995 «የጋራ ሕንፃ» ብሎታል፤ አንድ ሰው ብቻውን የሚይዘውን ቤትና ሁሉም የሚጠቀሙበትን የሕንፃ ክፍልም ለይቶታል። ሕጉ የለየውን ነው ሻጩ «ግሮስ» ብሎ መልሶ የሚያቦካው።

«ሰሚ ፊኒሽድ»ስ? ግማሽ ያለቀ። የትኛው ግማሽ? በሩ? ወለሉ? የኤሌክትሪክ መስመሩ? ውሉ ዝም ብሏል። ሻጩ የዚያን ቀን የፈለገው ግማሽ ነው።

ቃል ቤት ሲወስድ ይህ የመጀመሪያው አይደለም። በ1967 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 47 «ትርፍ ቤት» የሚል ቃል መጣ። ለአንድ ቤተሰብ አንድ መኖሪያ ይበቃል፤ ከዚያ በላይ ያለው ትርፍ ነው፤ ትርፍ ደግሞ የመንግሥት ነው። ፍርዱ ልክ ነው አይደለም የሚለውን ለሌላ ቀን ላቆየው፤ ግን ቃሉ ቢያንስ አልተደበቀም፤ የተወረሰውም የወረሰውም ገብቷቸው ነበር። ኋላ ደግሞ ቤትን በዕዳው መጥራት ጀመርን፦ 20/80፣ 40/60። «ልጄ አርባ ስልሳ ደረሳት» ይባላል። በምሰሶው ሳይሆን በብድሩ ልክ የሚጠራ ቤት! ይኼም ቢሆን ግን አይዋሽም፤ ስንቱን አንተ እንደምትቆጥብ፣ ስንቱን ባንክ እንደሚያበድርህ በስሙ ላይ ተጽፏል።

ጥያቄዬ እንግዲህ ትንሽ ነው። የቤት ውል የሚጽፍ ሁሉ፣ ቤቱን የሚገዛው ሰው በሚያውቀው ቃል ይጻፍ። ፌሮ ካለ ፌሮ ይበል፤ ደስ ይለኛል። በሩ ከሌለ «በር የለውም» ይበል። ውስጡ ስንት ካሬ እንደሆነ ለብቻው በቁጥር ያስቀምጥ። ውል ለማዋዋል የሚቀመጡ ሰዎችም ቢሆኑ፣ መታወቂያና ውክልና ከማየት አልፈው «ይህ ቃል ገብቶዎታል?» ብለው ቢጠይቁ ምላሳቸው አይጠፋም።

ለየኔታ አንድ ተስፋ አግኝቼላቸዋለሁ። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1738 አንዱ ወገን አስቀድሞ አዘጋጅቶ ያቀረበው የውል ቃል ሲያጠራጥር ለሌላው ወገን በሚጠቅም መንገድ ይተረጎማል ይላል። ያማከርኩት ጠበቃ ግን ራሱን ነቀነቀ። «ግልጽ የሆነ ቃል አይተረጎምም፤ ግሮስ ግልጽ ነው ይሉሃል» አለኝ። ለማን ነው ግልጽ የሆነው? ልንከራከርበት ነው። ተረከቡ የሚለው ደብዳቤ የሰጠን 30 ቀን ነው፤ ዛሬ አሥራ አንደኛው ነው።

ባለፈው ዓርብ፣ የዕረፍት ቀኗ ነውና፣ ልጅቷ ደወለች። የኔታ ስልኩን ከጆሯቸው ትንሽ አራቅ አድርገው ነው የሚይዙት፤ ድምፅዋ ለእኔም ይሰማኛል።

«አባባ፣ ሳሎኑ ይሰፋል?»

ዝም አሉ። ከዚያ «ይሰፋል የኔ ልጅ፣ ይሰፋል» አሏት። ስልኩን ዘግተው መነጽራቸውን አደረጉና ወረቀቱን ወደ እኔ ገፋ አደረጉት።

«በል ቀጥል፤ ቀጣዩ ቃል የቱ ነው?»