በስማችን የተከፈተውን ሒሳብ ቸል አንበል

በዛሬው ዝግጅታችን በአሜሪካ የሚኖሩ ቤተሰቦቻችንን በሚነካ አንድ ጉዳይ ላይ ልናወያያችሁ ወደናል። ይኸውም ባለቤቱ ሳያውቅ በስሙ የሚከፈት የባንክ ሒሳብ ነው። እዚያ ልጅ፣ ወንድም ወይም እህት ያላችሁ አንባብያንም መልእክቱን ብታደርሱላቸው ይጠቀሙበታል ብለን እናምናለን።

በቨርጂኒያ ግዛት የምትኖር አንዲት እህት ያጫወተችንን እናስቀድም። አንድ ቀን ደጃፉን ረግጣ ከማታውቀው ባንክ በስሟ የተጻፈ ፖስታ ደረሳት። ስትከፍተው የኤቲኤም ካርድ አገኘች። ባለቤቷም «ማስታወቂያ ነው፤ ደግሞስ በዚያ ባንክ ምን ገንዘብ አለሽና ይሰረቅብሻል?» አላት። ካርዱ መሳቢያ ውስጥ ተጣለ። ከወራት በኋላ ሌላ ባንክ ሄዳ ሒሳብ ልትከፍት ብትጠይቅ፣ በስሟ ያልተከፈለ ዕዳ ስላለ እንደማይቀበሏት ተነገራት። ለካስ በዚያ በማታውቀው ሒሳብ ሐሰተኛ ቼክ ገብቶ፣ ገንዘቡ ወጥቶ፣ ጉድለቱ በእሷ ስም ተመዝግቦ ኖሯል።

ከዚህ የባሰው ግን ቤት ውስጥ የሆነው ነው። በዚያን ሰሞን አብሯቸው ይኖር የነበረው የባለቤቷ የእህት ልጅ ተጠረጠረ። ከፖስታ ሣጥኑ ደብዳቤ የሚያመጣው እሱ ከመሆኑ በቀር አንዳች ማስረጃ አልነበረም። ወጣቱ ሻንጣውን ይዞ ወጣ። ሌባው ማን እንደሆነ እስከ ዛሬ አልታወቀም። ዕዳው ከስሟ ተሰርዟል፤ የተቆረጠው ዝምድና ግን ገና አልተቀጠለም።

ለመሆኑ ሌባ የእኛ ገንዘብ የሌለበትን ሒሳብ በስማችን ለምን ይከፍታል? የሚፈልገው ገንዘባችንን ሳይሆን ስማችንን ስለሆነ ነው። ከሌላ ሰው የሰረቀውን ገንዘብ ይቀበልበታል፤ ሐሰተኛ ቼክ ያስገባበታል፤ በሌሎች ስም ያጭበረበረውን የመንግሥት ድጎማ ወይም የግብር ተመላሽ ያስልክበታል። ምርመራ ሲመጣ የሚገኘው የእኛ ስም ነው። «ገንዘቤ አልተነካ» ብሎ መተው ትልቁ ስሕተት የሚሆነውም በዚህ ምክንያት ነው።

ስማችንና ሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥራችን በሌባ እጅ እንዲገባ የግድ የቤት ሰው አያስፈልግም። እ.ኤ.አ. በ2017 ኢኩፋክስ ከተባለው የክሬዲት መዝጋቢ ድርጅት የ147 ሚሊዮን ያህል ሰዎች መረጃ ተሰርቋል። ከባንክ ውስጥም ጥፋት ሊመጣ ይችላል። እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2016 ዌልስ ፋርጎ የተባለው ታላቅ ባንክ በድምሩ 185 ሚሊዮን ዶላር እንዲከፍል ተደርጓል። ሠራተኞቹ የተጣለባቸውን የሽያጭ ኮታ ለመሙላት ደንበኞች ሳያውቁ በስማቸው ሒሳብና ክሬዲት ካርድ ሲከፍቱ ቆይተው ነበር። በ2017 ባንኩ ራሱ ባወጣው ግምት፣ ያለ ፈቃድ የተከፈቱ ሊሆኑ የሚችሉት ሒሳቦች እስከ 3.5 ሚሊዮን ይደርሳሉ። እንግዲህ ከወለድ ለመራቅ የሚጠነቀቅ አንድ ሰው፣ ባልጠየቀው ካርድ በስሙ ወለድና ቅጣት ሊቆጠርበት ይችላል ማለት ነው።

ታዲያ እንዲህ ያለ ፖስታ ሲደርሰን ምን እናድርግ?

አንደኛ፣ ካርዱን አንጠቀምበት፣ ደብዳቤውንም አንጣል። በዚያው ዕለት ወደ ባንኩ እንደውል። ደብዳቤው ራሱ የአጭበርባሪ ሊሆን ስለሚችል፣ ስልኩን ከደብዳቤው ላይ ሳይሆን ከባንኩ ከራሱ እንፈልገው። የማጭበርበር ጉዳዮችን የሚከታተለውን ክፍል ጠይቀን ሒሳቡ እንዲዘጋ እናድርግ፤ ሒሳቡ የእኛ እንዳልነበረና በዕዳው እንደማንጠየቅ የሚገልጽ ደብዳቤ በጽሑፍ ይስጡን። በእንግሊዝኛ መነጋገር የሚቸግረው ሰው አስተርጓሚ ለመጠየቅ አይፈር።

ሁለተኛ፣ ጉዳዩን ለአሜሪካ ፌዴራል ንግድ ኮሚሽን እናመልክት። ስልኩ 1-877-438-4338 ነው። ከማመልከቻው የሚገኘው ሪፖርት በባንኮችና በክሬዲት ድርጅቶች ዘንድ ማስረጃችን ነው። ባንኩ የፖሊስ ማስረጃ ከጠየቀም ይህንኑ ይዘን ፖሊስ ጣቢያ እንሂድ።

ሦስተኛ፣ ቼክስሲስተምስ ከተባለው ድርጅት የራሳችንን መዝገብ በነጻ እናስወጣ። ብዙ ባንኮች አዲስ ደንበኛ ከመቀበላቸው በፊት የሚጠይቁት ይህን ድርጅት ነው። እዚያ የተመዘገበ ጉድለት እስከ 5 ዓመት ይቆያል። የእኛ ያልሆነውን በጽሑፍ እንቃወም፤ መዝገቡም እንዲታገድልን እንጠይቅ።

አራተኛ፣ በሦስቱ የክሬዲት መዝጋቢዎች፣ ማለትም በኢኩፋክስ፣ በኤክስፒሪያንና በትራንስዩኒየን፣ ክሬዲታችንን እናሳግድ። እ.ኤ.አ. ከሴፕቴምበር 2018 ወዲህ ይህ ያለ ክፍያ የሚፈጸም ነው። ወላጆችም ዕድሜያቸው ከ16 ዓመት በታች ለሆነ ልጆቻቸው እንዲሁ ማሳገድ ይችላሉ። የሕፃን ስም ለዓመታት የሚመረምረው ስለሌለ ሌባ ይወደዋልና።

አምስተኛ፣ ከማን ጋር፣ መቼ፣ ስለምን እንደተነጋገርን በአንድ ደብተር እንመዝግብ። የደብዳቤዎቹንም ቅጂ እናስቀምጥ።

አሁን ወደዚያ ቤት እንመለስ። በሱረቱል ሑጁራት ከጥርጣሬ እንድንርቅ የታዘዝን ሰዎች ነን። ያቺ እህት ስልኩን ያነሳችው ወጣቱ ከሄደ በኋላ ነበር። ቀድማ ደውላ ቢሆን ኖሮ ሒሳቡ በኮምፒውተር ከሌላ ግዛት እንደተከፈተ ባንኩ ይነግራት ነበር፤ በኋላ የነገሯትም ይህንኑ ነው። ስለዚህ ከሰው ላይ ጣት ከመቀሰራችን በፊት ወረቀቱን እንመርምር።

በአንጻሩ፣ ማስረጃው ወደ ዘመድ ቢያመራስ? ሒሳቡ ክፍት ሆኖ እንዲቀጥል መተው ለዘመዱም አይበጅም። ሒሳቡን ማዘጋትና ራስን ከዕዳው ነጻ ማድረግ ግዴታ ነው፤ ከዚያ በኋላ ያለውን ሽማግሌዎችን ይዞ መምከር ይቻላል።

ለእናንተ ለወጣቶች ደግሞ አንድ አደራ አለን። «ለአንድ ሳምንት ብቻ ስምህን አውሰኝ፣ ገንዘብ ይግባልኝና የድርሻህን ውሰድ» የሚል ጓደኛ ከመጣ እምቢ በሉ። አሜሪካም ሆናችሁ አዲስ አበባ ወይም ጅዳ፣ መታወቂያችሁንም፣ በስልክ የሚላክላችሁን የምሥጢር ቁጥርም ለማንም አትስጡ። በፈቃዳችሁ ያዋሳችሁትን ስም «ተሰረቅሁ» ብላችሁ ልትከራከሩበት አትችሉም።

ያን ወጣት በተመለከተ፣ እህታችን ይቅርታ ልትጠይቀው አስባ እስካሁን እንዳልደወለች ነግራናለች። ይህ ጽሑፍ ሲደርሳት ስልኩን ታነሳለች ብለን ተስፋ እናደርጋለን። አላህ ስማችንንም ዝምድናችንንም ይጠብቅልን።

ወቢላሂ ተውፊቅ።