ልታይ ባይ ዳኛ

ከቀሐ ወንዝ ብዙም በማይርቅ አንድ የዲኤስቲቪ ቤት ውስጥ በተነሣ ክርክር ሳቢያ ከቆየ ወዳጄ ጋር ተኳርፌ ሰነበትሁ። ነገሩ ለሰሚው ያስቃል። የተጣላነው በርስት አይደለም፤ በገንዘብ አይደለም፤ በፖለቲካም እንኳ አይደለም። ፊሽካውን ከሰቀለ ዓመታት ባለፉት በአንድ እንግሊዛዊ የእግር ኳስ ዳኛ ነው።

ሰውዬው ማይክ ዲን ነው። እ.ኤ.አ. ከ2000 እስከ 2022 በእንግሊዝ ፕሪምየር ሊግ ሲዳኝ ኖሯል። በዚያ ሊግ መቶ ቀይ ካርድ የመዘዘ የመጀመሪያው ዳኛ እርሱ ነው፤ መቶኛዋን እ.ኤ.አ. በ2019 የቀመሳት የማንቸስተር ዩናይትዱ አሽሊ ያንግ ነበር። ኳስ ወዳዱ የሚያስታውሰው ግን በቁጥሩ ሳይሆን በአኳኋኑ ነው። ከጥፋተኛው ፊት ይቆማል፤ አንገቱን ወደ ሌላ ያዞራል፤ ካርዱን ግን ወደ ልጁ ያነሣል። እ.ኤ.አ. በ2015 ቶተንሃም ከአስቶን ቪላ ሲጫወቱ፣ ጨዋታው እንዲቀጥል ፈቅዶ ኳሷ ከመረብ ስታርፍ እጆቹን ዘርግቶ በሐሴት የዞረባት ቅጽበት አለች። ላየው ሰው ጎሉን ያገባው እርሱ ይመስላል። በዚያው ዓመት የአርሰናል ደጋፊዎች «ከእኛ ጨዋታ ይነሣልን» ብለው በብዙ ሺህ ፊርማ አቤት ብለውበታል።

የሚገርመው የእኛ ሠፈር አርሰናሎች ናቸው። ያኔ ስሙ በተጠራ ቁጥር ወንበር እየደበደቡ የሚራገሙት ልጆች፣ ዛሬ ያንኑ ተንቀሳቃሽ ምስል በስልካቸው እየተቀባበሉ «ናፈቀን እኮ!» ይላሉ። ጠላትነቱ አልፎ ትዝታ ሆኗል። ወዳጄም የተነሣው ከዚህ ነው። የሥነ ጽሑፍ መምህር ስለሆነ ነገር ያሳምራል። «እኛ ዘንድ የዳኛ ስም የሚታወቀው ሲሰደብ ብቻ ነው» አለ። «ጥቁር ልብስ ለብሶ ገብቶ፣ ተረግሞ ይወጣል። ይኼ ሰው ግን በባሕርዩ ራሱን አሳየ። ሰው መሆኑ ታየ። ሰው መሆኑ የታየ ዳኛ ድንጋይ አይወረወርበትም። ባሕርይ የሌለው ዳኛ ጨው ያልገባበት ወጥ ነው።»

ቤቱ አጨበጨበለት። እውነቱን ለመናገር እኔም ለጊዜው መልስ አላገኘሁም። ጥግ ላይ ነጠላቸውን ተከናንበው ሻይ የሚጠጡ አንድ አዛውንት ግን ነበሩ። ዕድሜያቸውን በሽምግልና የጨረሱ ሰው ናቸው፤ ወደዚያ ቤት የሚመጡት ለኳሱ ሳይሆን ለሰዉ ነው። ምስሉን ከአንዱ ልጅ ስልክ ላይ ጥቂት ተመለከቱና፣ «ልጆቼ፣ ይኼ ሰውዬ ዳኛው ነው ባለጉዳዩ?» ብለው ጠየቁ።

ሁሉም ሣቀ። እኔም ሣቅሁ። ሌሊት ተኝቼ ነው ጥያቄው የገባኝ።

ቋንቋችን በችሎት ለሚቀመጠውም፣ ፊሽካ ይዞ ለሚሮጠውም አንድ ስም ነው የሰጠው። ሁለቱም ዳኛ ናቸው። እንግሊዙ ለሁለቱ ሁለት ቃል ስላለው አንዱን አክብሮ በሌላው ቢቀልድ አይጋጭበትም፤ እኛን ግን ይጋጭብናል። አባቶቻችን ትርኢት ጠልተው አይደለም። በላ ልበልሃን ያየ ወይም የሰማ ሰው ያውቀዋል። ባለጉዳዩ ነጠላውን አደግድጎ፣ ዱላውን እየሰበቀ፣ በማርና በበቅሎ እየተወራረደ፣ ነገሩን በግጥም እያዋዛ ሲሟገት መንገደኛው ሁሉ ጉዳዩን ትቶ ይቆም ነበር። ትርኢቱ ግን የተሟጋቾቹ ነበር። ዳኛው ተቀምጦ ይሰማል፤ ያያል። ከተሟጋቹ የበለጠ ግጥም ልግጠም ያለ ዳኛ ቢመጣ ችሎቱ ያን ዕለት ይፈርሳል።

እዚሁ በከተማችን፣ በቤተ መንግሥቱ ዘመን፣ በንጉሡ ችሎት አስተያየት መስጠት የሚጀምረው ከሁሉ በታች ያለው ሹም ነበር። ንጉሡ መጨረሻ ይናገራሉ። አስቀድመው ቢናገሩ ሌላው ሁሉ የእርሳቸውን ፊት አይቶ ይፈርዳልና። ሥልጣን የበዛለት ሰው ቃሉን የሚያዘገየው ስለ ትሕትና ብቻ አልነበረም፤ ፍርዱ እንዳይበላሽ ነበር።

ደግሞም «በሕግ አምላክ!» የሚባል ነገር አለን። ሁለት ሰዎች ሲደባደቡ መንገደኛ ይህን ከጮኸ የተነሣው ዱላ ይመለሳል። የጮኸው ሕፃን ሊሆን ይችላል፤ ውኃ ቀድታ የምትመለስ ሴት ልትሆን ትችላለች። ጉልበቱ የጯኺው ሳይሆን የተጠራው ስም ነው። ለእኔ ፊሽካ ማለት ይኸው ነው። ሃያ ሁለት ጎረምሶች በአንዲት ድምፅ ቀጥ የሚሉት ድምፁን ያወጣውን ሰው ወድደውት ወይም ፈርተውት አይደለም። ልታይ ባይ ዳኛ ይህን የተዋሰውን ኃይል የራሱ አድርጎ ያስበዋል።

ወዳጄ ይህን በማግሥቱ ስነግረው «ታዲያ ኮሊናስ?» አለኝ። መልካም ጥያቄ ነው። እ.ኤ.አ. የ2002ን የዓለም ዋንጫ ፍጻሜ የዳኘው ጣሊያናዊው ፒየርሉዊጂ ኮሊና ከተጫዋቾቹ ባልተናነሰ በዓለም ሁሉ የታወቀ ሰው ነበር። ራሰ በራነቱ፣ ከጉድጓዳቸው ሊወጡ የሚደርሱ የሚመስሉ ዓይኖቹ በማስታወቂያ ሳይቀር ወጥተዋል። ባሕርይ ከተባለ ከእርሱ የበለጠ ባሕርይ ያለው የለም። እኔም ባሕርይን አልጠላሁም። ግን እነዚያ ዓይኖች ወዴት ያዩ ነበር? የቆየ ምስሉን አውጥታችሁ ተመልከቱ። ከተጫዋቹ ፊት ቆሞ ልጁን ፊት ለፊት ያፈጥበታል። ተጫዋቹ ሲናገር ይሰማዋል፤ ሲያበቃ ይፈርድበታል። ከጨዋታ በፊት የሁለቱን ቡድኖች አጨዋወት ቁጭ ብሎ የሚያጠና ሰው ነበር። በኮሊናና በዲን መካከል ያለው ልዩነት የዓይን አቅጣጫ ነው። አንዱ የሚዳኘውን ያያል፤ ሌላው የሚያየውን ያያል።

ይህ የሥነ ውበት ጉዳይ ብቻ ቢሆን ኖሮ ከሰው ባልተኳረፍሁ። ከጥቂት ዓመታት በፊት በአንድ የክረምት የሠፈር ዋንጫ ላይ የሆነውን በዓይኔ ስላየሁት ነው።

ዳኛው የዳኝነት ኮርስ ወስዶ የመጣ፣ እግሩ ፈጣን፣ ሕጉን የሚያውቅ ወጣት ነበር። ማይክ ዲንንም ያውቃል። ሜዳው ጭቃ፣ ተመልካቹ ብዙ፤ ከዳር ሴቶች እሸት በቆሎ ይጠብሳሉ። አንድ የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ተከላካይ የባላጋራውን እግር ጠልፎ ጣለ። ጥፋት መሆኑን ማንም አልተከራከረም፤ ልጁ ራሱ እጁን አንሥቶ ካርዱን ለመቀበል ቆሞ ነበር። ዳኛው ግን ጀርባውን ሰጠው። ፊቱን ወደ ተመልካቹ አዙሮ፣ ፈገግ ብሎ፣ ቢጫዋን ከትከሻው በላይ ወደ ኋላ አሳየ። ሕዝቡ በሣቅ አውካካ። በቆሎ ከሚጠብሱት ሴቶች አንዷ የልጁ እናት ነበሩ።

ከዚያ የሆነውን ባጭሩ ልለፈው። ዳኛው ሁለት ጥርሱን አጣ። የሁለቱም ወገን ወንድሞች ወደየቤታቸው ሮጡ፤ ለምን እንደሮጡ አገሩን ለሚያውቅ አልነግረውም። እግዚአብሔር ይስጣቸው፣ ሽማግሌዎች ቀድመው መንገድ ላይ ቆሙ። እኒያ ሻይ የሚጠጡት አዛውንት አንዱ ነበሩ። ዕርቁ ሁለት እሑድ ፈጀ። ልጁ «ለምን?» ሲባል የተናገረው እስካሁን በጆሮዬ ነው፦

«ጥፋቴን አልካድሁም። ካርዱንም አልጠላሁም። ግን ሳያየኝ ፈረደብኝ።»

«በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ» የሚለው አገር ልጁ ያን ቀን ምን እንዳጣ ይገባዋል። ጥርስ ማውለቁን ለማጽደቅ አይደለም፤ ካሣውን ከፍሏል፤ ድንጋይ ተሸክሞም ይቅርታ ለምኗል። ወዳጄ «ባሕርዩ የታየ ዳኛ ድንጋይ አይወረወርበትም» ላለው ግን መልሴ ይኸው ነው። በፈጣን ካሜራ ፊት፣ በብዙ ሚሊዮን ፓውንድ ደመወዝተኛ ላይ የተሠራች ቀልድ ከቀሐ ጭቃ ሜዳ ላይ ስትደርስ ቀልድ አትሆንም።

ዲንም ራሱ የዚህን መንገድ መጨረሻ አሳይቶናል። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2022 ቼልሲ ከቶተንሃም ሲጫወቱ በቫር ክፍል የተቀመጠው እርሱ ነበር። የቶተንሃሙ ሮሜሮ የቼልሲውን ኩኩሬያን ፀጉር ጎተተ። ዲን የሜዳውን ዳኛ «ሂድና እየው» አላለውም። ለምን እንዳላለው በዓመቱ በራሱ አንደበት ተናገረ፤ የሜዳው ዳኛ ወዳጁ ስለነበር፣ ጨዋታውም አስቸጋሪ ስለነበር፣ ሌላ ጣጣ ሊጨምርበት አልፈለገም። ወዳጁን አየ፤ ፀጉሩ የተጎተተውን አላየም።

አሁን ደግሞ ጥር 25 ቀን 2014 ዓ.ም. ያውንዴ ላይ የነበረውን አስታውሱ። የአፍሪካ ዋንጫ ግማሽ ፍጻሜ፣ ሴኔጋል ከቡርኪና ፋሶ፤ ዳኛው የእኛው ኢንተርናሽናል ዳኛ ባምላክ ተሰማ። ቀደም ብሎ በ2010 ዓ.ም. ለሩሲያው የዓለም ዋንጫ ከተጠሩት ዳኞች አንዱ የነበረ ሰው ነው። በመጀመሪያው አጋማሽ ለሴኔጋል ፍጹም ቅጣት ምት ሰጠ። ምስሉ ታየና ሰረዘው። ዕረፍት ሳይደርስ ሌላ ሰጠ። እንደገና ታየ፤ እንደገና ሰረዘው። አህጉር ሙሉ እያየው ቃሉን ሁለት ጊዜ መለሰ።

በእኛ ቤት የዚያን ምሽት የተባለውን ብጽፈው ያሳፍራል። «ወላዋይ!» ያለው አለ፤ «አገር አዋረደ» ያለም አለ። እኔ ግን ቆሜ ላጨበጭብለት ዳድቶኝ ነበር። የተናገረውን ቃል በሕዝብ ፊት የሚመልስ ሰው በዚህ አገር ስንት ታውቃላችሁ? ያንን አካሄድ ማንም በስልኩ አይቀባበለውም። የሚያስቅ ነገር የለውማ። አንድ ሰው ደግሞ ለማየት ሲሄድ ነው።

እኛ ደጋፊዎችስ? በ2010 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ዳኛ ተደብድቦ ሊጉ እስከ መቋረጥ መድረሱን አንዘነጋም። ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ የሊጉ ጨዋታዎች በተመረጡ ከተሞች እየተዟዟሩ መካሄድ ስለጀመሩ፣ ዐፄዎቹ ፋሲል ከነማዎች በዚያው ዓመት ዋንጫውን ሲያነሡ እንኳ እኛ ያየናቸው በቴሌቪዥን ነው። ከስክሪን ፊት ተቀምጦ ዳኛን እንደ ተዋናይ መመዘን ቀላል ነው። ከዚያ በፊት ግን በዐፄ ፋሲለደስ ስታዲየም ከሰዉ ጋር ተጋፍተን እንቆም ነበር።

ለወዳጄ ያልነገርሁት አንድ ነገር አለ። በ2011 ዓ.ም. አንድ ቀን፣ ጨዋታው ሊያልቅ ሲል ዳኛው ለእንግዳው ቡድን ቅጣት ምት ሰጠ። አጠገቤ ያለው ሰው «ሌባ!» አለ። እኔም «ሌባ!» አልሁ። ጉሮሮዬ እስኪደርቅ ጮኽሁ፤ በእጄ የነበረውን ባዶ ሃይላንድ ወረወርሁ። ዳኛው ዞር ብሎ ወደ እኛ ተመለከተ። ቁጡ አልነበረም፤ ፊቱ ላይ ያየሁት ድካም ነው።

ጥፋቱን አላየሁትም ነበር። ከፊቴ የቆመው ሰውዬ ፀሐዩን ሽቶ በዘረጋው ጃንጥላ ሜዳውን ከልሎኝ ነበር።