ድምፅ ማወፈር መደበቅ አይደለም

ባለፈው ሳምንት በቴሌግራም አንድ የድምፅ ቅጂ ደረሰኝ። አረብ አገር በቤት ሠራተኝነት ያለች ልጅ ደመወዟ እንደተያዘባት ትናገራለች። እንዳትታወቅ ተብሎ ድምፅዋ ወፍሮ የወንድ መስሏል። ያሰራጩት ሰዎች ክፋት የላቸውም።

ቅጂውን በኦዳሲቲ ከፍቼ፣ «ቼንጅ ፒች» የሚለውን ኢፌክት መርጬ፣ በሴሚቶን ወደ ላይ እየጨመርኩ ሞከርኩ። 6 ላይ ስደርስ የአንዲት ወጣት ድምፅ ወለል ብሎ ወጣ። ሁለት ደቂቃ እንኳ አልፈጀም። ደንግጬ ዘጋሁት።

ነገሩ ሒሳብ ነው። አንድ ሴሚቶን ዝቅ ማድረግ ፍሪኩዌንሲውን ለ1.0595 ገደማ ማካፈል ነው፤ የተካፈለውን መልሶ ማባዛት ደግሞ ማንም ይችላል። ጥራቱ ትንሽ ይጎዳል እንጂ የሚያውቃት ሰው አይስታትም። ደግሞስ ፒቹ ቢቀየር የት ትደበቃለች? የአነጋገር ፍጥነቷ፣ ትንፋሿ፣ የወሎ ለዛዋ እንዳለ ነው።

እኔ ቃሏን ሌላ ሰው ያንብብላት እላለሁ። ሲቃዋን አንባቢ እንደማይተካው አውቃለሁ፤ ግን አሠሪዋ ቤት የምታድረው እሷ ናት፣ እኛ አይደለንም።

የድምፅ መቀየሪያ አፕ የምትሠሩ ልጆችም እባካችሁ፣ በተኑ ላይ «ማንነት ደብቅ» ብላችሁ አትጻፉ። «ድምፅ አወፍር» በሉት፣ ሥራው እሱ ነውና።

ቅጂውን ለላከልኝ ልጅ ይህንኑ ነገርኩት። ወዲያው ከግሩፑ አጠፋው። እስከዚያ ግን ስንቱ አውርዶት ነበር።