«ልቡ ቆመ» የሚል ወረቀት

ባለፈው ሰሞን አንዲት እህታችን ከመታጠፍ ብዛት ዳር ዳሩ ያለቀ የዓረብኛ ወረቀት ይዛ ወደ ዝግጅት ክፍላችን መጣች። ከጦርነቱ በፊት ካርቱም ላይ ያረፈው ባለቤቷ የሞት ምስክር ወረቀት ነው፤ እዚያ ሁላችንም ሸሃደት ወፋት የምንለው። «እስቲ አንብቡልኝ» አለችን። የሞት ምክንያት በሚለው ቦታ የተጻፈው «የልብና የትንፋሽ መቆም» ብቻ ነበር። ዝም ብላ ቆየችና «የማንስ ልብ ሳይቆም ይሞታል? እሱን የገደለው እኮ ዘጠኝ ቀን ያንቀጠቀጠው ወባ ነው፤ ሐኪሙም ወባ ነው ብሎ መድኃኒት ሰጥቶት ነበር» አለች።

እውነቷን ነው። ይህ ወረቀት ለቀብርና ለውርስ ብቻ የሚፈለግ የሚመስለን ብዙ ነን። ሌላም ሥራ አለው። የዓለም የጤና ድርጅት በሚያወጣው የበሽታዎች ዝርዝር መሠረት እያንዳንዱ የሞት ምክንያት የፊደልና የቁጥር ምልክት፣ ማለትም ኮድ ይሰጠዋል። በአሥረኛው ዝርዝር ኮሌራ ኤ00 ነው፤ ዓይነቱ ያልተለየ ወባ ቢ54፤ ምክንያቱ ያልታወቀ ሞት ደግሞ አር99። (አሥራ አንደኛው ዝርዝር እ.ኤ.አ. ከጥር 2022 ጀምሮ በሥራ ላይ ነው።) እነዚህ ኮዶች ተደምረው ነው እንግዲህ አጎበሩ፣ መድኃኒቱ፣ ክትባቱ ወዴት ይሂድ ተብሎ የሚወሰነው።

ኮድ መስጠት ድሮ የሰው ሥራ ነበር። አሜሪካኖች እ.ኤ.አ. በ1968 ኮምፒውተር አስገቡበት፤ ዛሬ ደግሞ በብዙ የአውሮፓ አገሮች አይሪስ የሚባል ፕሮግራም አለ። ሐኪሙ የጻፈውን ቃል በየአገሩ ቋንቋ ከተዘጋጀ መዝገበ ቃላት ጋር ያመሳክርና ኮዱን ይሰጣል። ከዚያ የነገሩን መነሻ ይፈልጋል። ወረቀቱ ላይ አንዱ ካንዱ ሥር የተሰመሩ መስመሮች አሉ፦ ከላይ በመጨረሻ የገደለው፣ ከሥሩ እሱን ያመጣው፣ ከዚያም ሥር የሁሉ መነሻ ይጻፋል። ለምሳሌ ከላይ የልብ ድካም፣ ቀጥሎ ከባድ የደም ማነስ፣ ከታች ወባ ቢባል ፕሮግራሙ እስከ ታች ወርዶ ሟቹን ለወባ ይቆጥረዋል። ግራ የገባውን ወረቀት ለሰው ይመልሳል። ብልህ መኪና ነው! ነገር ግን «ልቡ ቆመ» ብቻ ከተጻፈለት የሚወርድበት መስመር የለውም። የእህታችን ባለቤት እንዲህ ባለ ማሽን ውስጥ ቢያልፍ ኖሮ በወባ ቁጥር ላይ አንድ እንኳ አይጨምርም ነበር።

ጥፋቱን ሁሉ በሐኪም ላይ እንዳናላክክ ደግሞ፣ እኛም እንደብቃለን። እ.ኤ.አ. በ2001 ተመራማሪዎች በአዲስ አበባ የቀብር ቦታዎች ሟቾችን መመዝገብ ሲጀምሩ ኤድስ የሚል ቃል ከቤተሰብ አፍ አይወጣም ነበር። «ሳንባ» ይባላል፣ ያልፋል። ስለዚህ ቤት ድረስ እየሄዱ ጠየቁ፦ ምን ያህል ጊዜ ታመመ? ከሳ ወይ? ተቅማጥ ነበረው ወይ? እውነቱ የወጣው ከዚህ ነው። ቡታጅራ ገጠር ውስጥም ቤተሰብ የተናገራቸውን ምልክቶች ተቀብሎ የሞቱን ምክንያት የሚገምት ኢንተር-ቪኤ የተባለ የኮምፒውተር ዘዴ ከሐኪሞች ፍርድ ጋር ተነጻጽሯል፤ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2006 ታትሟል። እንግዲህ ሐኪም በሌለበት እንኳ የእናትና የሚስት ቃል ዋጋ አለው ማለት ነው።

ካርቱምስ? ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም.፣ የፋሲካ ዋዜማ ቅዳሜ፣ ተኩሱ ሲጀመር የት እንደነበርን ሁላችንም እናስታውሳለን። ከዚያ በኋላ ማን ወረቀት ይጽፋል? የለንደን የንጽሕናና የትሮፒካል ሕክምና ትምህርት ቤት ተመራማሪዎች በኅዳር 2017 ዓ.ም. ባወጡት ግምት፣ ጦርነቱ ከተጀመረ አንስቶ እስከ ሰኔ 2016 ዓ.ም. ድረስ በካርቱም ግዛት ከ61 ሺህ በላይ ሰዎች ሞተዋል። 26 ሺህ ያህሉ በጥቃት የተገደሉ ናቸው። ከሟቾቹ ከ90 በመቶ የሚበልጡት በየትኛውም መዝገብ አልገቡም። በጥይት የሞተውንስ ሰው ሁሉ ይናገርለታል፤ የስኳር መድኃኒት አጥታ የሞተችው፣ በረሃብና በተቅማጥ ያለቀው ሕፃን ግን ጭራሽ ተረስቷል። ላልተጻፈ ሰው ምን ዓይነት ኮምፒውተር ኮድ ይሰጠዋል?

እዚያ ሳለን ብዙ ሰው በየግቢውና በየመንገዱ ዳር ተቀብሯል። በ2017 ዓ.ም. ሠራዊቱ ከተማዋን መልሶ ከያዘ በኋላ ባለሥልጣናት እነዚህን አስከሬኖች እያወጡ ወደ መካነ መቃብር ማዛወር ጀምረዋል። ስለዚህ ዘመድ የቀበረ ሰው ቦታውን፣ ቀኑን፣ አብረውት የነበሩትን የሁለት ሰዎች ስም ዛሬውኑ ደብተር ላይ ያስፍር። የሕመሙንም ነገር ይጻፍ፦ ትኩሳት ስንት ቀን፣ ሳል፣ ተቅማጥ፣ እብጠት፣ ምን መድኃኒት አጣ። ነገ ጠያቂ ሲመጣ የሚረሳው ብዙ ነውና። እዚህ ካምፕ ውስጥም ሰው ሲያርፍብን ለጤና ሠራተኞቹ «ታሞ ነው» ብለን አንለፈው፤ በምን እንደጀመረው እንንገራቸው። ወረቀት ሲሰጠንም «ልብ ቆመ» ብቻ የሚል ከሆነ በትሕትና «ያቆመውስ ምንድን ነው?» ብሎ መጠየቅ ነውር አይደለም።

የእህታችንን ወረቀት መለወጥ አልቻልንም፤ ማኅተም አለበት። በሌላ ወረቀት ላይ ግን እሷ እየነገረችን ዘጠኙን ቀን አንድ በአንድ ጻፍንላት። አራተኛው ቀን ላይ ስንደርስ «ቆይ፣ ያን ቀን ትንሽ ተሽሎት ሾርባ ጠጥቶ ነበር፤ እሱንም ጻፉት» አለችን። ጻፍነው። ሁለቱን ባንድ ላይ አጣጥፋ ይዛ ሄደች።